ትልቁን አውሮፕላን ለምን አልገዛንም?

ሰሞኑን እዚሁ ፌስቡክ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ደጋግመው ይመጡብኛል። አንዱ "ኤምሬትስ ባለሁለት ፎቁን አውሮፕላን ሲያበር የእኛ አየር መንገድ ለምን አይገዛም?" የሚል ነው። ሌላው የዳያስፖራው ነው፤ "ከአሜሪካ ስንመጣ በቀጥታ እንመጣለን፤ ስንመለስ ግን መንገድ ላይ ያቆሙናል፣ ለምን?" ፊዚክስ ያስተማርኳቸው ልጆችም ኢንቦክስ ጠይቀውኛል። ጥያቄዎቹ ሁለት ቢመስሉም መልሳቸው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛልና እስቲ አብረን እንያቸው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። አውሮፕላን እንደ ልብስ በልክ ነው የሚገዛው። የጎረቤት ካፖርት ስላማረን ብቻ ገዝተን ብንለብሰው መሳቂያ ነው የምንሆነው። ልኩን የሚወስኑት ደግሞ የምንነሳበት ቦታ፣ የምንሄድበት ርቀትና የምንጭነው ሰው ናቸው።

ከመነሻው እንጀምር። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው ያለው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ክንፍ አውሮፕላኑን የሚያነሳው በአየር ነው፤ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ሁለቱም ይደክማሉ። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፣ ለዚያ ፍጥነት ደግሞ ረጅም መንደርደሪያ። የቦሌ ረጅሙ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ነው። ረጅም ነው፤ ግን ያልቃል! ቀን ፀሐይ ሲከር ደግሞ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ አትፍሩ፣ መደመርና መቀነስ ብቻ ነው። ቦይንግ 787-8 ድሪምላይነር ቢበዛ 228 ቶን ገደማ ሆኖ እንዲነሳ ተፈቅዶለታል። ባዶውን 120 ቶን አካባቢ ይመዝናል። የቀረው 108 ቶን ለነዳጅ፣ ለሰውና ለጭነት የሚከፋፈል ነው። 270 መንገደኛ ከነሻንጣው 27 ቶን ገደማ ይሆናል ብንል ለነዳጅ 81 ቶን ይተርፋል። አውሮፕላኑ በሰዓት 5 ቶን ገደማ ይበላል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ ላይ መጠባበቂያ ነዳጅ በሕግ ግዴታ ነው። በወረቀት ላይ ጥብቅ ብሎም ቢሆን ይደርሳል።

ችግሩ ቦሌ ላይ ያ 228 ቶን ሙሉ በሙሉ አይገኝም። ከፍታው ይቀንስበታል። ታዲያ ምን ይውረድ? ነዳጅ ከተቀነሰ አይደርስም። ሰው ከተቀነሰ ኪሳራ ነው። ሦስተኛው አማራጭ ቀለል ብሎ ተነስቶ፣ መንገድ ላይ ዝቅ ያለ ቦታ አርፎ፣ ነዳጅ ሞልቶ መቀጠል ነው። የማቆሙ ምሥጢር ይኸው ነው።

ከዋሽንግተን ሲነሳ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የደለስ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ ከፍ አይልም፤ ታንኩን ሞልቶ ይነሳል። በዚያ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው አየር ነፋስ ከኋላ ይገፋዋል። ስንሄድ ግን ያው ነፋስ ፊት ለፊት ነው የሚመጣው።

ይህ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። በ1984 እ.ኤ.አ. አየር መንገዱ የተረከበው ቦይንግ 767 ያለማቋረጥ 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል በርሮ በጊዜው ባለሁለት ሞተር አውሮፕላኖች ያልደረሱበትን ክብረ ወሰን ሰብሯል። ከየት ወደ የት መሰላችሁ? ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ። አቅጣጫውን ልብ በሉልኝ።

የሚቆምበት ቦታም ቢሆን ዝም ብሎ አይመረጥም። ሎሜን ውሰዱ። ከባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት፤ ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይቻላል። በዚያ ላይ ከምዕራብ አፍሪካ ወደ አሜሪካ የሚሄድ መንገደኛ እዚያው ይሳፈራል። ከ2016 ጀምሮ የኒውዋርክ በረራ በሎሜ በኩል ሲሆን ማረፊያው ራሱ ገበያ ሆነ። ችግርን እንዲህ ወደ ገቢ መለወጥ ብልህነት ነው ባይ ነኝ።

ወደ ባለሁለት ፎቁ እንምጣ። ኤርባስ ኤ380 ድንቅ ማሽን ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን 500 አካባቢ ሰው ይፈልጋል፣ በየቀኑ፣ በሄደበትም በተመለሰበትም። ዱባይ ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ ያላለች፣ በአውሮፓና በእስያ መካከል የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች ለኤምሬትስ ሠራለት። 123 ገዛ። የቀረው ዓለም ግን እንደዚያ አልጎረፈም። በ2021 ምርቱ ሲቆም በጠቅላላ ለደንበኞች የደረሰው 251 ብቻ ነበር። ግማሹን የሚጠጋ አንድ አየር መንገድ ብቻ የገዛው አውሮፕላን ለሁሉም ልክ ነው ማለት ይከብዳል።

ለእኛ ደግሞ የባሰ ነው። አዲስ አበባ የሚያርፈው መንገደኛ አብዛኛው ሌላ አገር የሚቀጥል ነው። እሱን የሚጠቅመው ብዙ ከተማ፣ ብዙ ሰዓት መኖሩ ነው። 270 ሰው የሚይዙ ሁለት አውሮፕላኖች ሁለት የተለያዩ ከተሞች ይሄዳሉ፤ አንዱ ግዙፍ ግን ሞላም ጎደለም አንድ ቦታ ነው የሚሄደው።

አውሮፕላን መስመርን እንዴት እንደሚገድልና እንደሚያድን ማየት ለሚፈልግ ሲንጋፖር አየር መንገድን ይመልከት። ከሲንጋፖር ኒውዋርክ በቀጥታ በአራት ሞተሩ ኤ340-500 ይበር ነበር። ነዳጁ አላዋጣ ሲል በ2013 ተወው። በ2018 በባለሁለት ሞተሩ ኤ350 መልሶ ጀመረው፤ 161 መቀመጫ ብቻ፣ ኢኮኖሚ የሚባል የለም። ከተሞቹ ያው ናቸው፣ ርቀቱም ያው ነው። የተለወጠው አውሮፕላኑ ነው።

የእኛዎቹም ምርጫ በዚሁ መንገድ የሄደ ይመስለኛል። በ2010 ረጅም ርቀት የሚሄደውን 777-200ኤልአር፣ በ2012 ድሪምላይነርን፣ በ2016 ኤ350-900ን፣ በ2024 ደግሞ ኤ350-1000ን አስገቡ። ሁሉም ባለሁለት ሞተር ናቸው፣ ሁሉም መካከለኛ ወይም ከዚያ በመጠኑ የሚተልቁ ናቸው። የአብራሪ ሥልጠናውም የመለዋወጫ መጋዘኑም እንዳይበታተን ከሁለት አምራች ብቻ ነው የተወሰዱት። እዚህ ላይ ጭብጨባዬን አልነፍግም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ለሕዝቡ የሚያስረዳው ማነው? ልጆቿን ለማየት አሜሪካ የምትሄድ፣ ቋንቋ የማታውቅ፣ እግሯ ያበጠ እናት ሌሊት ላይ አውሮፕላኑ ሲቆምባት "ደረስን እንዴ?" ብላ ትደነግጣለች። ለምን እንደቆመ፣ መውረድ እንደሌለባት ትኬት ስትቆርጥ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ቢነገራት ምን ይከፈልበታል? መረጃ ክብደት የለውም፤ ከቦሌም ይነሳል።

ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ60ዎቹ መጀመሪያ የጄት አውሮፕላን ሲታሰብ የልደታ ማረፊያ አልበቃ ብሎ ነው ቦሌ የተሠራው። አውሮፕላኑ አየር ማረፊያውን ወለደ ማለት ነው። አሁንም ቢሾፍቱ አጠገብ ስለሚሠራው አዲስ አየር ማረፊያ ከሚነሱት ጥቅሞች አንዱ ከቦሌ ዝቅ ማለቱ ነው፤ ዝቅታው ቶን ነው፣ ቶኑ ገንዘብ ነው። በሒሳቡ እስማማለሁ። ግን ያ ዝቅ ያለ መሬት ባዶ አልነበረም፤ ጤፍ የሚዘራበት፣ ሰው ተወልዶ ያደገበት መሬት ነው። አውሮፕላኑን በኪሎ የሚመዝን ተቋም የገበሬውንም ኑሮ በዚያው ጥንቃቄ መመዘን አለበት። ካሣው፣ አዲሱ ቤት፣ የልጆቹ ሥራ ከነዳጁ ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ይግቡ። የእሱ ወጪ ያልተደመረበት ትርፍ ትርፍ አይባልም።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ በሚቀጥለው ጊዜ "ለምን ትልቁን አልገዙም?" ከማለት "ይህ ምርጫ ለማን ይበጃል፣ ዋጋውንስ ማን ይከፍላል?" ብለን ብንጠይቅ ይሻላል። በሙያው ውስጥ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የምትጨምሩት ካለ ኮሜንት ላይ አስተምሩን፤ ተራው የእናንተ ነው።