ዋልታ ረጋጮች ሆይ፣ መሀሉን መልሱልን!

«ዋልታ ረገጥነት» የምትባል ቃል ዛሬ ዛሬ ከፖለቲከኞቻችን አፍ አትጠፋም። ፈረንጆቹ «ፖላራይዜሽን» የሚሏት ናት። ሁሉም ሌላውን ዋልታ ረገጥ ይላል፤ «የረገጥኩት እኔ ነኝ» የሚል ግን እስካሁን አልተገኘም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው።

ቃሏ የፖለቲካ ብቻ አይደለችም። የፀሐይ ብርሃን ሽቅብም ወደ ጎንም፣ በየአቅጣጫው እየተርገበገበ ነው የሚመጣው። ፖላራይዝ የሚያደርግ መነጽር አንዱን አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል፤ ግማሹ ብርሃን እዚያው ይቀራል። ሌላ መነጽር በ90 ዲግሪ አጋድማችሁ ብትደርቡበት ጨለማ ነው! ከፀሐይዋ የጎደለ ነገር የለም፤ ያጨለመው መነጽሩ ነው።

እኔ የሮቢት ልጅ ነኝ። ከወልዲያ በአስፋልቱ ወደ ሰሜን ስትጓዙ ጎብዬ፣ ሮቢት፣ ቆቦ፣ ዋጃ፣ አላማጣ ናቸው። አንድ ሜዳ፣ አንድ ማሽላ፣ አማርኛው ከትግርኛና ከኦሮምኛ የተጋባበት አገር። በንጉሡ ዘመን ቆቦም አላማጣም የወሎ ነበሩ። በ1984 ዓ.ም. የሽግግሩ መንግሥት አገሩን በቋንቋ ሲሸነሽን አላማጣን ወደ ትግራይ፣ ቆቦን ወደ አማራ አደረገና የመጀመሪያውን መነጽር ገጠመልን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 46 ክልል የሚዋቀረው በአሰፋፈር፣ በቋንቋ፣ በማንነትና በሕዝብ ፈቃድ ነው ይላል። ፈቃድ! ለመሆኑ የራያን ገበሬ ማን ጠየቀው?

ሁለተኛው መነጽር ጦርነቱ ነው። የሕወሓት ጦር ቆቦን በሐምሌ 2013 ያዘ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ተመልሶ ያዘ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ተፈራረሙ። ዓመት ሳይሞላ ደግሞ መንግሥትና ፋኖ በአማራ ክልል ተያያዙ። «ጁንታ»፣ «ባንዳ»፣ «ጽንፈኛ»... ስም ብቻ ይቀያየራል፤ ሟቹ ያው የገበሬ ልጅ ነው።

ማግኔት ለሁለት ብትሰብሩት ሰሜኑ ወዲህ፣ ደቡቡ ወዲያ አይለይም። እያንዳንዱ ስባሪ የራሱን ሁለት ዋልታ ያወጣል። አገር በመሸንሸን ጠብ ይበርዳል ያላችሁን ሊቃውንት፣ ይህቺን የስምንተኛ ክፍል ትምህርት ዘለላችኋት እንዴ?

ሒሳብስ ምን ይላል? ሒሳበኞች የፖላራይዜሽን ቀመር የሚሏት አለች። 5ንና 3ን ውሰዱ። ድምራቸው 8፣ ልዩነታቸው 2 ነው። 8 በራሱ ሲባዛ 64፣ 2 በራሱ ሲባዛ 4፤ ሲቀናነሱ 60። ለ4 አካፍሉት፦ 15፣ ማለትም 5 ጊዜ 3! ሁለቱን ያገናኘው ብዜት የተገኘው ከድምሩም ከልዩነቱም ነው። ልዩነትን ብቻ ይዞ ዝምድናን ያወቀ የለም። የእኛዎቹ ግን አንደኛው መንግሥት ልዩነት ሲቆጥር ኖረ። ተከታዩ በ2012 ዓ.ም. «መደመር» ብሎ መጽሐፍ አወጣ፤ በዓመቱ ጦርነት ገባን። ጉድ እኮ ነው!

አሁን ዋናው ነገር ይምጣ። በሁለቱ በተጋደሙት መነጽሮች መሀል ሦስተኛ መነጽር በ45 ዲግሪ ብትሰኩ ብርሃን ይመለሳል። ከመጀመሪያው አንድ ስምንተኛው ብቻ ነው፤ ቢሆንም ከድቅድቅ ጨለማ ይሻላል። የወሎ 45 ዲግሪ ሽማግሌው ነው። አባጋሩና ዘወልዱ መሀል ቆመው ደም ያደርቁ ነበር። ዛሬ መሀል የቆመ ከሁለቱም ወገን ድንጋይ ይወረወርበታል። በደርግ ጊዜ «መሀል ሰፋሪ» ተብሎ ይወገዝ ነበር፤ ዛሬ «ባንዳ» ነው። መሀሉን ጠርጋችሁ ስታበቁ «አገሩ ጨለመ» ብላችሁ አታልቅሱብን!

የምንጠይቀው አጭር ነው። የተፈናቀለው ወደ ቤቱ ይመለስ፤ ጠመንጃው ከገበያው ይራቅ፤ ሽማግሌው ሳይፈራ ይናገር። ከዚያ በኋላ ራያን ራሱን ጠይቁት። ካድሬ ሳይጠመዝዘው፣ ታጣቂ ሳያፈጥበት የሚሰጠውን መልስ፣ ቢጥማችሁም ባይጥማችሁም፣ ዋጡት። አንቀጽ 46 «ፈቃድ» ያለው ይህንን ነው፤ ሌላው ሁሉ መነጽር ነው።

ልብ ያለው ልብ ይበል። ቸር ይግጠመን!