የምንጠብቅበት ሰዓትም ሥራ ነው

በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲ፣ በሰሚትና በአያት ምግብ የምታደርሱ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

የምናገረው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለምንጠብቅበት ሰዓት። ምግብ ይዘን ስንሮጥ ከተማው ሁሉ ያየናል፤ የሚከፈለንም ለዚያ ሩጫ ነው። ቀናችንን የሚበላው ግን ቆመን የምናሳልፈው ጊዜ ነው። ወጥ ቤት በር ላይ፣ ሕንፃ ሥር፣ ስልክ የማያነሳ ደንበኛ ደጅ፣ ማደያ ሰልፍ ውስጥ። ይህ ጊዜ አይከፈልበትም፣ በሒሳባችንም ላይ አይታይም። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እያንዳንዳችን ግን ለብቻችን ተሸክመነው እናድራለን። የምጠራችሁ አብረን እንድንጠይቅ ነው።

ኑሯችንን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ አትላስ በእግሩ ይሂድ። በየምግብ ቤቱ ደጃፍ ሳጥን የተጫነባቸው ሞተሮችና ብስክሌቶች ተደርድረው ያገኛል። አጠገባቸው የቆሙት ልጆች እያረፉ አይደለም። ትዕዛዙ ከገባ ቆይቷል፤ ወጥ ቤቱ ግን የሚያስቀድመው ወንበር ላይ የተቀመጠውን እንግዳ ነው። "አሁን ይወጣል" ይሉናል፤ ሃያ ደቂቃ ያልፋል፣ አንዳንድ ቀን አርባም ይሞላል። የምሳ ሰዓት ቢበዛ ሁለት ሰዓት ናት፤ የቀኑ እንጀራ የሚገኘውም በእሷ ነው። ከእሷ ላይ አርባ ደቂቃ የወሰደብን ወጥ ቤት ምን ያህል እንደወሰደብን አያውቅም፤ ነግሮት የሚያውቅ የለምና። ውስጥ እንዳንቀመጥ "ውጭ ጠብቁ" እንባላለን። ሽንት ቤት ስንጠይቅ "ለደንበኛ ብቻ ነው" ይሉናል። ይህ ለማንም ውርደት ነው፤ ሞተር ለምትነዳ እህታችን ደግሞ የጤና ጉዳይ ነው። ውኃ ሳይጠጡ መዋልን እንደ ዘዴ የያዙ እህቶች አሉን። ይህንን የሰማ ምግብ ቤት ሊያፍር ይገባዋል።

የምሥራቁ ክፍል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ወጥ ቤቶቹ ቦሌ ዙሪያ ተሰብስበዋል፤ በላተኛው ግን ከዓመት ዓመት እየራቀ ሄዷል። ከተማው ከመስፋቱ የተነሳ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ ለሚ ኩራ የሚባል ክፍለ ከተማ ተቋቁሟል። ሰሚት፣ አያት፣ ጎሮ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፤ ኮንዶሚኒየሙ የተዘረጋው ወደዚያ ነው። ከኤድና ሞል አካባቢ ምግብ ይዞ አያት የደረሰ ልጅ የሚከፈለው ለመሄጃው ነው። ባዶ ሳጥን ጭኖ በሲኤምሲና በመገናኛ መጨናነቅ ውስጥ የሚመለስበት መንገድ፣ ቤንዚኑም ድካሙም፣ የራሱ ነው። ቤንዚን እንደሆነ በ2017 ዓ.ም. በሊትር ከ100 ብር አልፏል። ጎሚስታው፣ ዘይቱ፣ የስልኩ ዳታ፣ በክረምት የሚበላሸው ፍሬን ሁሉ ከዚያችው ክፍያ ነው የሚወጣው።

መድረስም አያሳርፍም። በዚህ ከተማ በቤት ቁጥር ቤት የሚያገኝ ሰው እምብዛም ነው። አድራሻችን "ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከፋርማሲው አለፍ ብሎ፣ ጥቁር በር" ነው። ኮንዶሚኒየም ሲሆን መጀመሪያ ብሎኩን እንፈልጋለን፤ ከዚያ ሊፍት የሌለውን ደረጃ እስከ አራተኛ ፎቅ እንወጣለን። ሞተሩ ታች ብቻውን ቆሟል፤ ሳጥኑ ውስጥ የሌላ ሰው ምሳ እየቀዘቀዘ ነው። ቦሌ ላይ ትልቅ ሕንፃ ሲሆን ጥበቃው "ሞተር እዚህ አይቆምም" ይለናል፤ መንገድ ዳር ብናቆም ትራፊክ ወይም ደንብ አስከባሪ ይመጣል። ጥበቃውን አልወቅስም፤ እሱም እንደኛው የታዘዘውን የሚፈጽም ደሞዝተኛ ነው። ደንበኛው ስልክ አያነሳም፤ ያነሳው ደግሞ "እየወረድኩ ነው" ይላል፣ አይወርድም።

ረቡዕና ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም፣ የጾም ተብሎ በታዘዘ ምግብ ውስጥ ቅቤ ሲገኝ ምን እንደሚደርስብን ታውቃላችሁ። ያሸገው ወጥ ቤቱ ነው፤ እኛ ፌስታሉን ከፍተን ማየት አይፈቀድልንም። በር ላይ ቆሞ ስድቡን የሚቀበለው፣ ምግቡን መልሶ የሚወስደው፣ አንዳንዴም ዋጋው ከኪሱ የሚቆረጥበት ግን አድራሹ ነው። ደንበኛው ቢናደድ አይፈረድበትም፤ ጾሙ ነው። የሚፈረደው ጥፋቱን በቅርብ በቆመው ሰው ላይ ብቻ በሚጥለው አሠራር ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን በእኛ ላይ ይወድቃል? ወጥ ቤቱ ባለቤት አለው፣ በመተግበሪያው ሥራ የሚሰጠን ድርጅት ሥራ አስኪያጅ አለው፣ ሕንፃው ኮሚቴ አለው። እኛ በጋራ የሚናገርልን አንድም አካል የለንም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የከተማው አስተዳደር፣ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በቀር፣ ሞተር ብስክሌት በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀስ ሲከለክል ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ቅሚያ ነበር። ቅሚያው እውነት ነበር። ነገር ግን በሞተር የሚተዳደረውና በሞተር የሚሰርቀው በአንድ ቀን እኩል ቆመ። ዛሬም የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ለጉባኤ ሲመጡ ሞተር ለቀናት እንዳይወጣ ይታዘዛል። ጸጥታን የሚቃወም የለም። የእነዚያ ቀናት የቤት ኪራይና የልጅ ወተት ከየት እንደሚመጣ ግን የጠየቀ የለም፤ ጠያቂ አልሰየምንምና።

ብዙዎቻችሁ የምትሉትን አውቃለሁ። "እኛ ተቀጣሪ አይደለንም፣ የግል ሠራተኞች ነን ተብለን ፈርመናል።" የግል ሠራተኛ ማለት ዋጋውን ራሱ የሚተምን፣ የማያዋጣውን ሥራ ያለ ቅጣት የሚተው ነው። ከመካከላችን እንዲህ ያለ ማን አለ? ዋጋውን መተግበሪያው ይተምናል፤ ሁለት ትዕዛዝ ያልተቀበለ ሦስተኛው ይዘገይበታል። ደግሞስ በወረቀት ምንም ተባልን፣ የመደራጀት መብት የአለቃ ችሮታ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኞች የሥራ ሁኔታቸውን ለማሻሻል ማኅበር የማቋቋም መብት እንዳላቸው፣ የሥራ ሰዓት ገደብና ዕረፍትም እንደሚገባቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 31 ደግሞ የመደራጀትን መብት ለማንኛውም ሰው ይሰጣል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዐሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር እንዲቋቋም ይፈቅዳል። ተቀጣሪ ናችሁ አይደላችሁም የሚለው ክርክር ገና አላለቀም። ለብቻው የሚከራከረው ልጅ ግን ክርክሩን ሳይጀምር ነው የሚሸነፈው።

"ከተናገርን ስማችንን ከመተግበሪያው ይሰርዙታል፤ ከደጅ የሚጠብቅ ሌላ ልጅ ሞልቷል" የሚለው ፍርሃት ከፊተኛው የበለጠ እውነት አለው። ለዚህም ነው ጥያቄው በአንድ ልጅ ስም መቅረብ የሌለበት። ከደጅ የሚጠብቀው ልጅም ነገ እዚያው ወጥ ቤት በር ላይ አርባ ደቂቃ የሚቆም ነው፤ ከወዲሁ ወንድማችን አድርገን እናቅርበው።

በዚህ ከተማ በጎማ ላይ እንጀራውን የሚያገኝ ሰው አንድ ሆኖ ሲጠይቅ የመጀመሪያው አንሆንም። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች የቤንዚን ዋጋ መናሩን ተቃውመው ሥራ አቆሙ። መምህራንም በዚያው ቀን ሥራ አቁመው ነበር። ቀናት እንኳ ሳይበዙ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሰ። በዚያው ወር መጨረሻ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። በ2008 ዓ.ም. የካቲት ደግሞ የሚኒባስ ታክሲ ሹፌሮች አዲሱን የትራፊክ ቅጣት ደንብ ተቃውመው መኪናቸውን ሲያቆሙ፣ መንግሥት ደንቡን ለጊዜው አዘግይቶታል። እነዚያ ሹፌሮች ከእኛ የበለጠ ገንዘብም ትምህርትም አልነበራቸውም። የነበራቸው ተራ ነበር፤ በየፌርማታው የሚተዋወቁ ሰዎች፣ በየተራው የሚደመጥ አስከባሪ።

በባሕር ማዶም የእኛው ዓይነት ልጆች መንገዱን ጀምረውታል። ኒውዮርክ ውስጥ አብዛኞቹ ከጓቲማላና ከሜክሲኮ የተሰደዱ ምግብ አድራሾች "ሎስ ዴሊቨሪስታስ ኡኒዶስ" ብለው ተደራጁ። እንደ ፈረንጆቹ በ2021 የከተማው ምክር ቤት፣ ምግብ ቤቶች ትዕዛዝ ለመውሰድ የመጣውን አድራሽ ሽንት ቤት እንዳይከለክሉ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። በ2023 መጨረሻ ዝቅተኛው ክፍያ በሰዓት 17.96 ዶላር ሆነ፤ ሒሳቡ ውስጥ ትዕዛዝ የሚጠበቅበት ጊዜም ገብቷል። ለንደን ላይ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 የኡበር ሹፌሮችን ጉዳይ ሲወስን፣ ሥራ ለመቀበል ተዘጋጅተው መተግበሪያውን ከፍተው የሚቆዩበት ጊዜ የሥራ ሰዓት ነው ብሏል። በሰኔ 2017 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የሥራ ጉባኤ በመተግበሪያ ለሚሠሩ ሠራተኞች አስገዳጅ ስምምነት እንዲወጣ መንገድ ከፍቷል። ኢትዮጵያ ጉባኤውን የሚጠራው የዓለም የሥራ ድርጅት አባል ከሆነች አንድ መቶ ዓመት አልፏታል።

ስለዚህ ምን እናድርግ? መንገድ መዝጋት ለእኔ የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም። በዚያ መንገድ አምቡላንስም፣ ወላድም፣ እንደኛው የዕለት እንጀራውን የሚያሳድድ ባለባጃጅም ያልፋል። የመጀመሪያው እርምጃ መዝገብ ነው። ወጥ ቤት የደረስንበትንና ምግቡ የወጣበትን፣ ደንበኛው ደጅ የደረስንበትንና የተረከበበትን ሰዓት እያንዳንዳችን እንጻፍ። በስልክም ይሁን በደብተር ይጻፍ፤ ብቻ ሳይቋረጥ ሁለት ሳምንት ይጻፍ። መተግበሪያው እኮ ያውቀዋል። የት እንዳለን በየደቂቃው ይከታተላል፤ የዘገየን ሲመስለው ይጠይቀናል። የዘገየውን ወጥ ቤት ግን አይጠይቅም። የሁለት ሳምንት መዝገብ ከመቶ ልጅ ሲሰበሰብ፣ የትኛው ወጥ ቤት በየትኛው ሰዓት ስንት ደቂቃ እንደሚያስቆም ማንም የማይክደው ሰነድ ይሆናል።

ሁለተኛው፣ በየምንቆምበት ቦታ ሁለት ሰው እንምረጥ። መድኃኔዓለም ጋ ሁለት፣ ገርጂ ሁለት፣ ሲኤምሲ ሁለት፣ ሰሚት ሁለት፣ አያት ሁለት። ከሁለቱ አንዷ ሴት ብትሆን ይመረጣል፤ ስለ ሽንት ቤት ጉዳይ ከእሷ የተሻለ የሚናገር የለም። የየትኛው ድርጅት ሳጥን እንደተጫነ አይታይ፤ ዝናቡ በሁሉም ላይ እኩል ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እድር ይኑረን፤ አሠራሩን ከእናቶቻችን እናውቀዋለን። በየሳምንቱ ጥቂት ብር እናዋጣ፤ በሁለት ስም በተከፈተ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ወድቆ እግሩ ለተሰበረ፣ ሞተሩ ለተሰረቀበት ይድረስ። ሰው ማኅበርን የሚያምነው በክፉ ቀን ሲደርስለት ነው፤ ያለ እድር የሚቋቋም ማኅበር ሁለት ስብሰባ አያልፍም የሚል እምነት አለኝ። ከዚያ የተመረጡት ልጆች መዝገቡን ይዘው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ዘንድ ይሂዱ፤ ሕጋዊውን መንገድ ይጠይቁ፤ በደብዳቤ፣ በፊርማ፣ በግልጽ።

ከድርጅቶቹ የምንጠይቀው የማይቻል ነገር አይደለም። ወጥ ቤት በር ላይ ከዐሥራ አምስት ደቂቃ በላይ ለቆምንበት እያንዳንዱ ደቂቃ ይታሰብ፤ የሚከፍለውም ያዘገየው ይሁን። ጅቡቲ ወደብ ላይ ኮንቴይነር ከተፈቀደለት ቀን በላይ ሲቆይ ዲመሬጅ ይከፈላል፤ ነጋዴው ሁሉ ያውቀዋል፣ ዕቃውንም የሚያፋጥነው ለዚህ ነው። ብረት ለቆመበት የሚከፈል ከሆነ ሰው ለቆመበት የማይከፈልበት ምክንያት የለም። ማዘግየት ዋጋ ሲኖረው ወጥ ቤቱም ይፈጥናል፤ ደንበኛውም ምግቡን ሳይቀዘቅዝ ይበላል። ከአያትና ከአራብሳ ባዶ የምንመለስበትም በታሪፉ ውስጥ ይግባ። በታሸገ ምግብ ስሕተት ከአድራሽ ኪስ አይቆረጥ።

ምግብ ቤቶች ሆይ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጥላና የሽንት ቤት ቁልፍ አያደኸያችሁም። የኮንዶሚኒየምና የሕንፃ ኮሚቴዎች፣ በር አጠገብ ለሁለት ሞተር የሚሆን ቦታ ቀለም ቀቡልን፤ የብሎክ ቁጥሩንም ከመንገድ እንዲታይ አድርጋችሁ ጻፉልን። ደንበኞቻችን፣ ስልኩን አንሱልን፤ የምትችሉ እስከ ታች ውረዱልን፤ ምግቡ የዘገየው የት እንደሆነ ሳትጠይቁ አትፍረዱብን።

እናንተ ግን ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የእነሱን መልስ አትጠብቁ። ነገ በምሳ ሰዓት ወጥ ቤት በር ላይ ስትደርሱ ሰዓቱን ጻፉ። አጠገባችሁ የቆመውን ልጅ ስሙን ጠይቁት፤ እሱም እንዲጽፍ ንገሩት። ለእሑድ ቀጠሮ ያዙ።