ጨረቃን ያነሣት ማን ነው?

በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ያሉ ወጣቶቻችን ዛሬ ከኪሳቸው ስልክ፤ አንዳንዶቹም ከትከሻቸው ዲጂታል ካሜራ አይለያቸውም። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያ መያዝና በመሣሪያ መሥራት የተለያዩ ናቸው። ልዩነቱን ለኔ ያስተማረችኝ ጨረቃ ስለ ሆነች ነገሩን ለአንባቢዎቼ ላጫውት።

አንድ ምሽት ሙሉ ጨረቃ ወጥታ አገሩ እንደ ቀን በርቶ ሳለ ካሜራዬን ይዤ ወደ ደጅ ወጣሁና ቁልፉን ተጫንሁ። የወጣልኝ ግን መልክ የሌለው፤ በጥቁር ጨርቅ ላይ የተጣለ ብር የሚመስል ነጭ ክብ ነበረ። ካሜራው ተበላሽቷል ብዬ አዘንሁ። በኋላ ስመረምረው ጥፋቱ የኔ ሆኖ ተገኘ። ብርሃኑን ራሱ እንዲመጥን ትቼለት ነበርና፤ የሰማዩን ጨለማ አይቶ ሌሊት ነው ሲል ፈረደ፤ ከመጠን ያለፈ ብርሃንም አስገባ። ጨረቃ ግን ፀሐይ በቀጥታ የምታበራት ድንጋይና አፈር ናት፤ እኛ የምናየው ፊቷ ቀን ነው።

ስለዚህ ጨረቃን የሚያነሣ ሰው ካሜራውን ከኦቶማቲክ አውጥቶ ራሱ ሊያዘው ይገባል። የቆዩ ባለሙያዎች ደንብ ቀላል ነው፤ ለሙሉ ጨረቃ የብርሃን መግቢያው ቀዳዳ ቁጥር 11፤ አይ ኤስ ኦ የሚባለው የብርሃን ንቃት ልክ 100፤ መዝጊያው የሚከፈትበትም ጊዜ የአንድ ሴኮንድ 100ኛ እጅ ገደማ ይሁን። ለግማሽ ጨረቃ ብርሃን ይጨመራል። ካሜራውን በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ማቆም፤ ፎከሱንም የጨረቃ ዳር ጥርት እስኪል በእጅ ማስተካከል ነው። ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ስለምትርቅ፤ በ200 ሚሊሜትር ሌንስ ብትነሣ በካሜራው ውስጥ የሚያርፈው ምስሏ ከ2 ሚሊሜትር እምብዛም አያልፍም። ሌንሱ በረዘመ መጠን ምስሏም ይተልቃል።

ብዙ ሰው ሙሉ ጨረቃን ይመርጣል፤ እኔ ግን ግማሿ ትሻላለች እላለሁ። ሙሉ ስትሆን ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምታበራት ጥላ አይታይም። ግማሽ ስትሆን ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ፤ ብርሃንና ጨለማ በሚገናኙበት መስመር ላይ የተራሮቿና የጉድጓዶቿ ጥላ ተዘርግቶ ይታያል። ደግሞም ጨረቃ በተወለደች በ7ኛው ቀን ገደማ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ እርሷ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፤ ተማሪውም ሠራተኛውም እንቅልፍ ሳያጣ ሊያነሣት ይችላል። ባገራችን ደጋ የክረምቱ ደመና ከተገፈፈ በኋላ ያሉት ወራት ለዚህ የተመቹ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ከዛሬዎቹ ስልኮች አንዳንዶቹ ጨረቃን ሲያዩ ለይተው ያውቋታል፤ አስቀድመው ከብዙ የጨረቃ ፎቶግራፎች በተማሩትም መሠረት የጎደለውን መልክ ራሳቸው ይሞላሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 አንድ ሰው ሆን ብሎ ያደበዘዘውን የጨረቃ ምስል በኮምፒዩተር ላይ አድርጎ በእንዲህ ያለ ስልክ ቢያነሣው፤ በደበዘዘው ምስል ላይ ያልነበረ ጠባሳ ወጥቶ ታየ። ነገሩም ብዙ አነጋገረ።

አንድ ወጣት ባልደረባዬ በስልኩ ያነሣትን ያማረች ጨረቃ አሳይቶኝ፤ «የርስዎ ካሜራ ይህን ይችላል?» ሲል ቀለደብኝ። እኔም «መዝጊያው ለስንት ጊዜ ተከፍቶ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። አላወቀም። እንግዲያስ ጨረቃን ያነሣት ማን ነው?

በስልክ መጫወትን አልነቅፍም። የምፈራው ያላዩትን አየሁ፤ ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት ልማድ እንዳይሆን ነው። ዛሬ የጨረቃውን ጉድለት ሌላ የሞላለት ወጣት፤ ነገ የመመረቂያ ጽሑፉን ወይም የመሥሪያ ቤቱን ሪፖርት ሌላ ሞልቶለት ሲፈርምበት ምን ይከለክለዋል?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1840 ጆን ዊልያም ድሬፐር በኒውዮርክ ጨረቃን በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ አንሥቷል። ዛሬ ማንም ተማሪ ከዚያ የጠራ ፎቶግራፍ ሊያነሣ ይችላል። የድሬፐር ሥራ እስካሁን የሚወሳው ግን ከጨረቃ የመጣ ብርሃን ራሱ የጻፈው ስለ ሆነ ነው።

ሥራ ለሠሪው፤ እሾህ ላጣሪው ይባላል። እናንተም ወጣቶች፤ በሚመጣው ግማሽ ጨረቃ ካሜራችሁን በእጃችሁ አዝዛችሁ ሞክሩ። አሥር ጊዜ ቢበላሽባችሁ በ11ኛው የምታገኟት ጨረቃ ትንሽና ደብዛዛ ብትሆን እንኳ የራሳችሁ ናት።