ጫማው ጭቃ የነካ ምሁር

በእኛ ዘንድ ምሁር ሲባል ወዲያው የሚታሰበን እጁ የለሰለሰ፥ ጫማው የተወለወለ ሰው ነው። ውድ አንባቢዎቼ፥ እኔ በዚህ አልስማማም። ምስክሬም የእንግሊዝ ጂኦሎጂ አባት የተባለው ዊልያም ስሚዝ ነው። (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ስሚዝ በ1769 ዓ.ም. በኦክስፎርድሺር፥ ቸርችል በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበረ፤ በአገራችን «ባለ እጅ» እየተባለ ሲናቅ የኖረው ሙያ ማለት ነው። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተበት በገበሬ አጎቱ ዘንድ አደገ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ የተማረው መሬት መለካት ነው።

በሰመርሴት የድንጋይ ከሰል የሚጓጓዝበት ቦይ ሲቆፈር ቀያሽ ሆኖ ሠራ። ሌላው ሰው አፈርና ድንጋይ ብቻ ባየበት ጉድጓድ እርሱ ሥርዓት አየ። አለቶቹ በመሶብ እንዳለ እንጀራ ተነባብረዋል፤ ተራቸውም ከቦታ ቦታ አይፋለስም። ሁለት ንብርብሮች በመልክ ቢመሳሰሉ እንኳ፥ በውስጣቸው ድንጋይ ሆኖ የቀረው ዛጎል ይለያቸዋል። ይህን ሲያስተውል፥ ሩቅ ለሩቅ ያሉ አለቶች አንድ መሆናቸውን ማወቂያ አገኘ ማለት ነው።

በ1799 ዓ.ም. ከቦዩ ሥራ ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ በእግርም በሠረገላም አገሩን እየዞረ፥ በ1815 ዓ.ም. የእንግሊዝንና የዌልስን አለቶች በቀለም የለየ ካርታ አወጣ። ቁመቱ ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ነው!

ታዲያ ምን ተከፈለው? በ1807 ዓ.ም. ለንደን ላይ የተቋቋመው የጂኦሎጂ ማኅበር የጨዋ ልጆች ማኅበር ነበረና ስሚዝን በአባልነት አላስገባውም። ይባስ ብሎ የራሱን ካርታ አዘጋጅቶ በ1820 ዓ.ም. አወጣ። ስሚዝ ደግሞ በ1819 ዓ.ም. በዕዳ ታስሮ ነበር። እርግጥ የድንጋይ ካባ ገዝቶ ከስሯልና ሁሉን በማኅበሩ ማሳበብ አይገባም።

ያው ማኅበር በ1831 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የዎላስተን ሜዳይ ሸለመው። «በመጨረሻ ተከብሯል፤ ምን ጎደለ?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። የጎደለውማ 16 ዓመት ነው። ሰውዬው ዕድሜው 61 ደርሶ ነበር።

መምህሮቻችንን የምለምነው፥ በዓመት አንድ ቀን እንኳ ወደ ድንጋይ ካባ እንዲወስዱን ነው። ወላጆችም ልጃችሁ ኪሱን ጠጠር ሞልቶ ሲገባ አትቆጡ። ስሚዝ በልጅነቱ ያያቸው ድቡልቡል ድንጋዮች የመንደሩ ሴቶች ቅቤ የሚመዝኑባቸው ነበሩ፤ ለካስ ከጥንት ባሕር የቀሩ የባሕር ጃርቶች ኖረዋል።