መስኮት የነበረው በር

የሰባት ዓመቷ ልጄ ቤት ስትስል ሁልጊዜ ሦስት ማዕዘን ጣራ፣ ከላዩ ደግሞ የሚጨስ ጭስ ማውጫ ትጨምርበታለች። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጭስ ማውጫ ያለው ቤት በዓይኗ አይታ አታውቅም። «የማን ቤት ነው?» ብላት፣ «የመጽሐፉ» አለችኝ።

እኔም ከእሷ አልሻልም። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ የአፓርታማ ብሮሸር ሳዘጋጅ ቤት ማለት ለእኔ ካሬ ሜትርና የመኝታ ክፍል ብዛት ነው። ባለፈው ዓመት አያቴ የኖሩበት የቀበሌ ቤት ሊፈርስ መሆኑ ሲነገራቸው ሮጬ ሄጄ ስልሳ ፎቶ አነሳሁ። ማታ ልጄ «የእማማ ቤት ስንት በር አለው?» ብላ ስትጠይቀኝ ግን መመለስ አቃተኝ። ያደግኩበት ቤት እኮ ነው!

ቅዳሜ ጠዋት ደብተርና እርሳስ ይዘን ሄድን። ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠን መሳል ጀመርን። ፊት ለፊቱ አምስት በር አለው። ስንስል ሦስቱ ከሌሎቹ ጠበብ ያሉ፣ ደፋቸውም የተለየ ሆኖ አገኘነው። አያቴን ጠየቅናቸው። «እነሱማ መስኮት ነበሩ» አሉ እየሳቁ።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ሲወረሱ፣ የአንድ ቤተሰብ የነበረው ይህ ቤት ለአምስት ቤተሰብ ተከፋፈለ። ሁሉም የየራሱ መግቢያ ስላስፈለገው መስኮቶቹ ወደ ታች ተቀደው በር ሆኑ። እኔ ያደግኩበት ክፍል የሰው ሳሎን ግማሽ ነበር። ለካስ የኮርኒሱ ጌጥ ግድግዳው ጋ ሲደርስ የሚቋረጠው ለዚህ ነው! አያቴ የቀድሞዎቹን ባለቤቶች ስም ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ስልሳው ፎቶ ይህን አልነገረኝም።

ከዚያ ወዲህ ከልጄ ጋር አሮጌ ቤቶችን መሳል ልማዳችን ሆኗል። ሙያተኛ አይደለሁም፤ ነገር ግን የአዲስ አበባን ቤቶች ለይቶ ለማወቅ አራት ዓይነት መያዝ ለጀማሪ ይበቃል።

የመጀመሪያው ጭቃ ቤት ነው። የባህር ዛፍ እንጨት ቆሞ፣ በማገር ተያይዞ፣ ጭድ በገባበት ጭቃ ይመረግና ቆርቆሮ ይለብሳል። ግድግዳው ፍጹም ቀጥ ስለማይል ማስመሪያችሁን ቤት ተዉት። ሁለተኛው የድሮ መኳንንትና ነጋዴዎች ቤት ነው፤ ሰፊ ሰገነት፣ የእንጨት ደረጃና በጌጥ የተቆረጠ የጣራ ክፈፍ አለው። ፒያሳ ያለው ጣይቱ ሆቴልና መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው፣ የራስ ብሩ መኖሪያ የነበረው የአዲስ አበባ ሙዚየም ጥሩ መለማመጃ ናቸው። ሦስተኛው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች የሠሩት ነው፤ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ጌጥ የማያበዛ። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች ነው። አራተኛው ከ1950ዎቹ ጀምሮ የበዛው የኮንክሪት ሕንፃ ነው። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽና የማዘጋጃ ቤቱን ሕንፃ ተመልከቱ፤ የሁለቱም ንድፍ የጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው። እዚህ ጋ ማስመሪያው ይፈለጋል።

መሳል ስትጀምሩ ከጣራው ተነሱ፤ የቤቱን ዓይነት ቶሎ የሚናገረው እሱ ነው። ቀጥሎ በርና መስኮቱን ቁጠሩ። አንዱ ከሌላው ከተለየ ታሪክ አለውና ጠይቁ። ከሥዕሉ ግርጌ ቀኑንና ሰፈሩን ጻፉ። ሰው የሚኖርበት ቤት ከሆነ አስፈቅዱ፤ ጥበቃ ያለበት ሕንፃ ጋ ደግሞ ደብተራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ጥበቃውን አነጋግሩ። ልጆቻችሁ መስመር ቢያጣምሙ አትቆጡ። የእኔም ጠማማ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ወላጆቻችሁ ወይም አያቶቻችሁ ያሉበትን ቤት ሳሉ፤ እነሱም አጠገባችሁ ተቀምጠው ይንገሯችሁ። ሙዚየሙ ለሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል።

የአያቴ ቤት ዛሬ የለም። የልጄ ሥዕል ግን በተሰጣቸው ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል። አምስት በር አለው፤ ጭስ ማውጫ የለውም። እንግዳ ሲመጣ ቡናው እስኪፈላ አያቴ ከሥዕሉ ፊት ይቆሙና ሦስቱን ጠባብ በሮች በጣታቸው እየነኩ፣ «እነዚህ መስኮት ነበሩ» ይላሉ።