የጠበበ ስፔክትረም ሁሉ ሌዘር ነውን?

በቀጫጭን የኦርጋኒክና የፔሮቭስካይት ፊልሞች ላይ በሚካሄዱ የብርሃን ጥናቶች ውስጥ አንድ ሥዕል ደጋግሞ ይታያል። ናሙናው በአጫጭር የብርሃን ምቶች ሲነቃቃ በመጀመሪያ ስፔክትረሙ የሰፋ ደብዛዛ ብርሃን ይሰጣል፤ የማነቂያው ኃይል ከአንድ ደፍ ሲያልፍ ግን ስፔክትረሙ ይጠባል፣ የብርሃኑም መጠን ሽቅብ ይወጣል። ከሥዕሉ ግርጌ «ሌዘር» ተብሎ ይጻፋል። ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ ከማስረጃው ቀድሞ የተገኘ ነው።

የተነቃቃ ሞለኪውል በራሱ ጊዜ የሚለቀው ፎቶን አቅጣጫ አይመርጥም። በአጉሊው ቁስ ርዝመት የሚጓዘው ፎቶን ግን በመንገዱ ያሉትን የተነቃቁ ሞለኪውሎች እየቀሰቀሰ ይባዛል። የማጉላት ኃይሉ ከሁሉ በሚበረታበት የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ሌላውን እየበለጠ ስለሚሄድ ስፔክትረሙ ይጠባል። ለዚህ መስታወት አላስፈለገም፤ ብርሃኑም አንዴ አልፎ ከመውጣት በቀር ተመልሶ አልመጣም። ይህ የጎለበተ ግብታዊ ልቀት ይባላል። ሌዘር የሚሆነው ብርሃኑ በመስታወቶች ወይም በሌላ መላሽ ዘዴ እየተመላለሰ፣ የክፍተቱ ቅርጽ በሚወስናቸው ጥቂት የሞገድ ርዝመቶች ላይ ሲጸና ነው። (ያለ መስታወት በ337.1 ናኖሜትር ሊሠራ የሚችለው የናይትሮጅን ሌዘር ስሙን የያዘው በልማድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።)

ጥያቄው ከሌዘር ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ቴዎዶር ሜይማን እ.ኤ.አ. በ1960 በሩቢ ዘንግ ያገኘውን ውጤት በአጭር ጽሑፍ ሲያስታውቅ በዋናነት የተመረኮዘው በስፔክትረሙ መጥበብና በልቀቱ ለውጥ ላይ ነበር። የብርሃኑን ባለ አንድ አቅጣጫ ጨረርነትና የሞገዱን ቅንጅት በዚያው ዓመት በዝርዝር ያሳዩት የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ናቸው። ለመጀመሪያው ሌዘር የተጠየቀው ማስረጃ ለዛሬው ፊልም የሚቀርበት ምክንያት የለም።

«መሣሪያ የለም» የሚለው መከራከሪያ ከፊል እውነት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሻክሊና ሌሄኒ ያስተዋወቁት ዘዴ አንድ ሲሊንደራዊ ሌንስና ስፋቱ የሚለዋወጥ ስንጥቅ ይበቃዋል፤ የሚነቃቃው መስመር እየረዘመ ሲሄድ ከፊልሙ ጠርዝ የሚወጣው ብርሃን እንዴት እንደሚያድግ በመለካት የማጉላት መጠኑ ይሰላል። ሌዘርነትን ለሚናገር ደግሞ ፈተናው ሌላ ነው፦ የክፍተቱ ርዝመት ወይም የግሬቲንጉ ምዕራፍ ሲለወጥ የሞገዱ ርዝመት አብሮ ይለወጣልን? ካልተለወጠ ስሙን መተው ይገባል። ያለ ማስረጃ በተሰጠ ስም ላይ ሌላ ተማሪ የሁለት ዓመት ሥራውን ሊገነባ ይችላልና።

ትክክለኛው ስም ውጤቱን አያሳንሰውም። በዓይን ሕክምና የሬቲናን ንብርብሮች ለይተው ከሚያሳዩት የምስል መሣሪያዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚሁ ልቀት ነው፤ ንብርብሮቹን መለየት የሚቻለው ስፔክትረሙ ሰፊ፣ የሞገዱም ቅንጅት አጭር ስለሆነ ነው። የዳዮዶቹ አምራቾች የብርሃን መንገዱን ከጫፎቹ አንጻር በማጋደልና ጫፎቹን ጸረ ነጸብራቅ በመቀባት የሚደክሙት፣ ዳዮዱ ሌዘር እንዳይሆንባቸው ነው።