«ፈሪ!» አላትና ተኳረፉ

የዛሬዋ ጠያቂያችን እጮኛዋ የሚኖረው ፖርቱጋል፣ ሊዝበን ነው። ልትጠይቀው ሽር ጉድ እያለች ሳለ በስልክ «የኮረብታው ባቡር ሲከፈት መጀመሪያ የምንሳፈረው እኔና አንቺ ነን» ይላታል። «እኔስ ይቅርብኝ» ብትለው «ፈሪ!» ብሎ ሳቀባት። ይኸው ከተኳረፉ ሁለት ሳምንት ሆናቸው። «ጥፋቱ የኔ ነው ወይ?» ትላለች።

እስቲ መጀመሪያ ስለ ባቡሩ እናውራ። ሊዝበን ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። ለጉልበት ማሳረፊያ በገመድ የሚሳቡ ባቡሮች ተሠሩላት፦ ላቭራ እ.ኤ.አ. በ1884፣ ግሎሪያ በ1885፣ ቢካ በ1892። በ1902 ደግሞ 45 ሜትር ከፍታ ያለው የሳንታ ጁስታ የብረት አሳንሰር ቆመ።

የባቡሩ ብልሃት ቀላል ነው። ሁለት ፉርጎዎች በአንድ ገመድ ይያያዛሉ፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። ግሎሪያ ሲጀመር የላይኛው ፉርጎ ውሃ ይሞላና ከብዶ ሲወርድ የታችኛውን ይስበው ነበር። ኤሌክትሪክ የመጣው ኋላ ነው።

ታዲያ ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ይኸው የግሎሪያ ገመድ ከላይኛው ፉርጎ ጋር የሚታሰርበት ቦታ ላይ ለቀቀ። ፉርጎው ቁልቁል ተምዘግዝጎ ከሀዲዱ ወጣና ከሕንፃ ጋር ተላተመ። 16 ሰዎች ሞቱ። ሾፌሩ ፍሬን ይዞ ነበር፤ ግን አልበቃም፤ እሱም አብሮ ሞተ። መርማሪዎች እንዳሉት የዚያን ዕለት ጠዋት ባቡሩ በዓይን ታይቶ ምንም ችግር አልተገኘበትም። የለቀቀው ቦታ ሳይፈታ አይታይማ! ገመዱም ሰው ለማጓጓዝ የተፈቀደ ዓይነት አልነበረም።

እንግዲህ እህታችን፣ ይህን ሰምቶ መፍራት ምኑ ነው ነውሩ? «ፈሪ ለእናቱ» ሲባል አልሰማሽም? ሰው ፍቅረኛው እንዳይስቅበት ብሎ ነፍሱን አይሰጥም።

አንተም ወንድማችን፣ ክፋት አስበህ እንዳልሆነ እናውቃለን። ከመቶ ዓመት በላይ ስንት ፍቅረኞች ተቃቅፈው የወጡበት ባቡር ነው፤ አንተም ያማረህ ይኸው ነው። ግን የሰው ፍርሃት በሳቅ አይለቅም። ባቡሩ ሲከፈት «ገመዱ ተቀይሯል ወይ? ማን መረመረው?» ብለህ ጠይቅላት። መልሱ ካረካት አብራችሁ ተሳፈሩ። ካላረካት ከሀዲዱ ጎን ያለውን ዳገት እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ በእግር ውጡት። ላብ ቢያልባችሁ ነው፤ ላይ ስትደርሱ የምታዩት ከተማ ያው አንድ ነው።

ስለ ኩርፊያው ግን እህታችን፣ አንድ ነገር እንንገርሽ። እሱ እስካሁን የሚያስበው በባቡር የተጣላችሁ መሆኑን ነው። አንቺን ያስከፋሽ ሳቁ ነው። ይኼ ደግሞ እንደዚያ ገመድ ነው፤ ካልፈታችሁት አይታይም። ዛሬ ማታ ደውዪለትና «ሳቅህ ነው ያስከፋኝ» በዪው።